ትሳል

ቆቦ ገበያ ገብታችሁ «የእርዷ ራቢዓ የት ነው የምትቀመጠው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አህያ የሚነዳው ሳይቀር በጣቱ ያሳያችኋል። እርድ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ። ድሮ የምታወቀው በእርዴና በምላሴ ነበር። አሁን ግን ገዢ ይመጣና ገና ሳልሰፍርለት፣ «ግድግዳ ያለው ቤት የናንተ ነው አሉ?» ይለኛል። «ግድግዳ የሌለው ቤት የት አይተህ ታውቃለህ?» ብዬ እቆጣዋለሁ። ልቤ ግን ቅቤ ይጠጣል።

ኩራት አይደለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ኩራት ነው። ግድግዳውን የሳለችው የእህቴ ልጅ ሀናን ናት። ከሮቢት ድረስ ባጃጅ ተኮናትረው መጥተው ያዩት ሰዎች አሉ። አንዱማ ባለ ሆቴል «እኔም ቤት ትሳልልኝ» ብሎ ደጅ ጠንቷል። ነገር ግን ግድግዳው እንዲሁ ለጌጥ የተሳለ አይደለም። ልጅ ልትወሰድብን ጫፍ ደርሳ በዚያ ግድግዳ ነው የተረፈችው። ሰው ወሬውን ሲቀባበለው እያበላሸው ስለሆነ ከኔ ስሙት፤ ከኔ በላይ የሚያውቅም የለም።

እህቴ ዓሊማ ያላት አንድ ልጅ ሀናን ብቻ ናት። ሀናን ሙንተሲር የሚባል የዋጃ ልጅ አግብታ ጀዊሪያን ወለደች። ትዳሩ አልበረከተም፤ ተፋቱ። ጀዊሪያ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ሀናን ለእናቷ አስረከበቻትና እንደ እኩዮቿ ሁሉ ሳውዲ ሄደች። ልጅቱን ያሳደገቻት ዓሊማ ናት። ስለዚህ ጀዊሪያ አፏን ስትፈታ «እማ» ያለችው አያቷን ነው። ማንም አላረማትም። ሌላ ማንን ትበል?

ከዚያ ሳውዲ ልጆቻችንን በአውሮፕላን እየጫነች የመለሰችበት ዓመት መጣ፤ ሁለት ሺህ ስድስት። ከቆቦ ሰፈሮች ተመላሽ ያልገባበት አልነበረም። የኛዋም መጣች። የሄደችው ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ ልጅ ነበረች፤ የመጣችው ግን ሌላ ሰው ናት። አትናገርም። ታያለች፣ ትሰማለች፣ ብዪ ሲሏት ትበላለች፤ ድምፅ የሚባል ግን የለም። በር ሲዘጋ ደግሞ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። በራችንን ከፍተን ማደር ጀመርን። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፣ ደፉ ላይ ትተኛለች። ሰው ሲገባና ሲወጣ እግሯን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ከዚያ በቀር አትነቃነቅም።

ጀዊሪያ ስሟን አትጠራም። «እንግዳዋ» ነው የምትላት። «እማ፣ እንግዳዋ ለምንድነው የማታወራው?» ትላለች እዚያው ፊቷ ቆማ። ዓሊማ ልጅቱን ትቆጣና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ሀናን ግን ዞር ብላም አታያት። ለኛ የመሰለን እንደዚያ ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

ዓሊማ ያልሞከረችው የለም። ሼህ አህመድ መጥተው ቁርዓን ቀሩባት፣ ዱዓ አደረጉላት። ጎረቤታችን አስካለ ጠበል ካላስጠመቅኳት ብላ ይዛት ሄደች፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም የማን ሃይማኖት ተብሎ አይጠየቅም። በኋላ ጤና ጣቢያ ከስደት ለተመለሱ ልጆች የሚሆን ነገር ተጀምሯል ሲባል ዓሊማ ሀናንን ይዛ ሄደች። እኔ ገበያ ስለነበረኝ አብሬያቸው አልሄድኩም።

ከገበያ ስመለስ ዓሊማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ትንሰቀሰቃለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሳንባ ነው፣ እትዬ። የሳንባ በሽታ ነው አሉኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ከደሴ የመጣችው ሴትዮ። ‹ልጅሽ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ትሳል› አለችኝ። ‹ከሌሎቹ ጋር ሆና ትሳል፤ ስትስል ውስጧ ያለው ይወጣላታል› አለችኝ። ልጆቹን አንድ ክፍል ሰብስበው ሊያስሏቸው ነው፣ እትዬ! እኔ እኮ ስትስል ሰምቼያት አላውቅም። ለካ ይዛው ኖሯል፣ ልጄን!»

ዓሊማ ላይ አትፍረዱ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ገና ስማችሁ ሳይመዘገብ «የቆየ ሳል አለ?» ተብላችሁ ነው የምትጠየቁት። እዚያ ቤት «ትሳል» ከተባለ ሌላ ምን ትስማ? እኔም ብሆን የሰማሁት ያንኑ ነው።

ዓሊማ በዚያው የሀናንን ኩባያ ለየች። ሳህኗን ለየች። ጀዊሪያን ወደ ደፉ እንዳትጠጋ ከለከለቻት። ሀናን ኩባያዋ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አየች። ያን ቀን ውሃ አልጠጣችም። ወሬ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው ዋጃ ደረሰ።

ሙንተሲር መጣ። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላማውም። ዋጃ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፣ ሌላ ሚስት አግብቷል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ለልጁ ልብስ ይዞ ይመጣል። ግቢው መሃል ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና፣

«እማ ዓሊማ፣ አንቺን አልወቅስም። አሳድገሽልኛል፤ አላህ ይክፈልሽ። ግን ልጄ ከሳንባ በሽተኛና ከ…» አለና ወደ ደፉ አየት አድርጎ ተወው።

«ከምን? ጨርሳታ!» አልኩት ከጓዳ ብቅ ብዬ።

«ካበደች ሴት ጋር አታድግም፣ እትዬ ራቢዓ። ተናገር ካልሽኝ እሱ ነው። ሽማግሌ እልካለሁ። ለአረፋ ልጄ ዋጃ ትሆናለች።»

ሄደ። ዓሊማ ጀዊሪያን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሀናን ደፉ ላይ እንዳለች ሁሉን ሰምታለች። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። አንድ ጣቷ ብቻ አፈሩ ላይ የሆነ ነገር ይጭር ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያውን ላፈርሰው ሄድኩ።

የክፍሉን በር በረገድኩት። ልጃገረዶች ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀት ላይ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ብድግ አለች። ከደሴ የመጣችው ሴትዮ እሷ ናት፤ ቆንጅት ትባላለች።

«የእህቴ ልጅ አትስልም!» አልኩ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «አንድም ቀን ስላ አታውቅም! በዘራችንም የሚስል ሰው የለም!»

ቆንጅት ግራ ተጋብታ፣ «ኧረ ችግር የለውም፣ እትዬ» አለችኝ በለሰለሰ አፍ። «እዚህ ያሉትም መጀመሪያ አይችሉም ነበር። እናለማምዳታለን።»

«ሳል ታለማምዳላችሁ?»

ከልጆቹ አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ተያያዘና ክፍሉ በሙሉ ፈረሰ። ቆንጅትም ነገሩ ሲገባት መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ ከለር አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ስዕል፣ እትዬ። ስዕል ትሳል ነው ያልኩት።»

እኔም ሳቅኩ፤ እንዴት አልስቅ? ሳቄን ስጨርስ ግን ንዴቴ ተመለሰ። «እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኛ በዚህ በናንተ ቃል ልጅ ልትወሰድብን ነው» ብዬ ሁሉን ዘረገፍኩላት። ቆንጅት ሳቋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠችና እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ያዩት ነገር አፋቸው ላይ አልመጣ የሚላቸው ልጆች አሉ» አለችኝ። «በእጃቸው ሲያወጡት ቀለል ይላቸዋል። ሁሉም ላይ ይሠራል ብዬ አልዋሽሽም። አምጫትና እንሞክር።»

ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ከለር ይዞ ይድናል ብላችሁ ብትነግሩኝ ሌላ ጊዜ ስቄባችሁ እሄድ ነበር። ግን ምርጫ አልነበረኝም። ሀናንን ወሰድኳት። ክፍሉ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቆንጅት በሩን ክፍት አድርጋ ድንጋይ አስደገፈችው። ወረቀትና ከለሮች ፊቷ ተደረደሩ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ጥቁሩን አነሳችና አራት መስመር ሳበች። በር ነው።

«ምንድነው እሱ?» አልኩ እኔ።

ቆንጅት እግሬን ረገጠችኝ። ውጭ ይዛኝ ወጥታ፣ «ምንድነው አይባልም። ያምራልም አይባልም። አጠገቧ ዝም ብለሽ መቀመጥ ከቻልሽ ትጠቅሚያታለሽ» አለችኝ። ዝም በይ! እኔን! ገበያው በሙሉ ቢሰማ የሚያምናት አልነበረም። ግን ለሀናን ስል ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሀናን በር ብቻ ትስል ነበር። ወረቀት በሰጧት ቁጥር በር። ማንም ይስለዋል እንዳትሉ፣ ደጅ ቆሞ የሚታይ በር አልነበረም። ከውስጥ የታየ በር ነው። ከስሩ ቀጭን ብርሃን ይገባል፤ እጀታ ግን የለውም። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ሳይ ቆየሁና በድንገት ገባኝ። ሳውዲ የሠራችበት ቤት ውስጥ ምን እንዳደረጓት በቃል ብትነግረኝ ኖሮ ያን ያህል አይገባኝም ነበር። ተነስቼ ጓሮ ሄድኩና አለቀስኩ። እኔ በሰው ፊት አላለቅስም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ከስር የሚገባው ብርሃን ቢጫ ሆነ። ቆየት ብሎ አንዱ በር ላይ እጀታ ወጣ። እጀታው በተሳለ ሰሞን ሀናን ከደፉ ተነስታ እናቷ አጠገብ መደብ ላይ ተኛች። ዓሊማ እንዳትቀሰቅሳት ፈርታ ጎኗን ሳታዞር አደረች። ኩባያውን ደግሞ ስዕልና ሳል ሌላ ሌላ መሆናቸውን በነገርኳት ዕለት ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላዋለች፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ትጣላኛለች።

ቃል ግን አሁንም የለም። አረፋም እየቀረበ ነው።

ቆንጅት ለተወሰኑ ቀናት ሮቢት ያሉትን ልጆች ልታይ ሄደች። በመካከሉ ሀናን ቤት የወሰደችው ወረቀት አለቀባት። አንድ ጠዋት ዓሊማ «ግድግዳዬን!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ ተሰበሰበ። በደጅ በኩል ያለውን ግድግዳ ለበዓሉ ብላ ለቅልቃ፣ ኖራ ቀብታ አሳምራው ነበር። በሩ አጠገብ፣ ነጩ ላይ፣ በከሰል የተሳለች ልጅ ዶሮ ታባርራለች። ዓሊማ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ደረሰች። እጇን ያዝኩት።

«እያት እስቲ» አልኳት። «ማን ናት?»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ጀዊሪያ ናት። ስትሮጥ አንዱን ትከሻዋን የምታዘነብለው ነገር፣ ሁሌ የሚያመልጣት የግንባሯ ጠጉር፣ ሁሉም አለ። የሆነች ልጅ ናት ተብሎ የሚታለፍ ስዕል አልነበረም። የኛዋ ናት።

ከዚያ በኋላ ሀናንን ማን ይመልሳት! ከጎሊና ወንዝ ዳር ቀይ አፈር አምጥታ በጠበጠች። ከእናቷ ሒና ወሰደች። ከኔ ጆንያ እርዱ እየጎደለ ሲሄድ አይጥ ጠርጥሬ ወጥመድ አጠመድኩ፤ አንድ ቀን የጀዊሪያ ቀሚስ ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ሳየው ሌባዬን አገኘሁ። ያ ቢጫ የኔ ነው። ለሚመጣው ሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ጀዊሪያ ጥንቅሽ ስትልጥ። ጀዊሪያ ጭነት የያዘ ግመል ሲያልፍ ዓሊማ ቀሚስ ውስጥ ስትደበቅ። ጀዊሪያ ዛፉ ላይ ያለውን ወፍ በጠጠር ስትስት። ተኝታ አንድ እግሯን አያቷ ሆድ ላይ ስትጭን። ደፉ ላይ የተቀመጠችውና ዞር ብላ አታያትም ያልናት ሀናን ለካ ያን ሁሉ ወር ሌላ ሥራ አልነበራትም። ስታያት ነው የከረመችው። እኛ ነን ያላየነው።

ጀዊሪያም ራሷን ግድግዳ ላይ ስታይ ጊዜ ከደፉ አልጠፋ አለች። ከሰል ትለቅማለች፣ አፈር ትበጠብጣለች፣ ታርማለች። «እንግዳዋ፣ የዶሮዋ ጭራ እኮ እንደዚያ አይደለም» ትላለች። ሀናን ጭራውን አጥፍታ እንደገና ትስለዋለች። እንግዳዋ መባሏ ግን አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሼህ አህመድና አያ እሸቴ ናቸው። ሼህ አህመድን የማያከብር ሰው በቆቦ የለም። አያ እሸቴ ደግሞ የራያ አርሶ አደር ናቸው፤ ሁለት ወገን ሲጣላ እሳቸው ያልተቀመጡበት እርቅ አይጸናም። ልማዱ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ነበር፤ ሼህ አህመድ ግን «ልጅቱ ከቤት አትርቅም አሉ፤ እኛ እንሄዳለን» ብለው ግቢያችን መጡ። አጎዛ አነጠፍን። ሙንተሲር ከዋጃ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሀናን ደፏ ላይ ተቀመጠች፤ ግድግዳው ከጎኗ ነው። ዓሊማ ከኔ አጠገብ ሆና ክንዴን ይዛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል።

ሙንተሲር ተነስቶ ተናገረ። የሳንባው ነገር ስህተት መሆኑን ሰምቷል፣ አልሀምዱሊላህ አለ። «ግን ሼሃችን፣ አንቱ ፍረዱ። ይቺ ልጅ አትናገርም። ልጄ እሳት ውስጥ ብትገባ ‹ኧረ› ብላ አትጮህም። ልጄንም አታውቃትም።»

«አታውቃትም አትበል፣ ግድግዳውን እያየህ!» አልኩ።

«ራቢዓ፣ ተራሽ አይደለም» አሉኝ አያ እሸቴ።

«እሱን ግድግዳ ነው እኮ የምለው» አለ ሙንተሲር። ወደ ግድግዳው ሄዶ በጣቱ እየነካ ያሳይ ጀመር። «ጥንቅሹን የምትልጥበትን እጅ እዩልኝ። ጠጠሩን የያዘችበትን እዩ። እዚህም፣ እዚህም። ግራ፣ ግራ፣ ግራ! ልጄን ግራኝ አድርጋ ነው የሳለቻት። ልጄ ግራኝ አይደለችም! የልጇን እጅ የማታውቅ እናት ምን እናት ናት?»

ሁላችንም አየን። እውነቱን ነው። ስዕሎቹ በሙሉ ላይ ሥራው የግራ እጅ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ጀዊሪያ በምን እጇ ነው የምትበላው?» ሲሉ ጠየቁ ሼህ አህመድ።

ዓሊማ ሥርዓት አዋቂ ናት። ቢስሚላህ ሳትል፣ በቀኟ ሳትሆን እሷ ቤት ማዕድ የሚነካ የለም። ውሸት ደግሞ አትችልበትም። «በቀኟ» አለች ድምፅዋ ጠፍቶ።

አያ እሸቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙንተሲር ተቀመጠ። እኔ ራቢዓ፣ በቆቦ ገበያ ላይ ማንም የማይረታኝ፣ አለቀ አልኩ። ሀናንን አየኋት። ዓይኗ ልጅቱ ላይ ነው።

ሼህ አህመድ ጎንበስ ብለው ከደፉ አጠገብ የተቆለለውን ከሰል አንድ አነሱ። ለማንም አልሰጡም። አጎዛው ፊት ለፊት፣ መሬቱ ላይ አስቀመጡት።

«ጀዊሪያ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ። አንቺም ትችያለሽ አሉ። እዚያ ባዶው ጋ የምትወጂውን ነገር ሳይልን» አሉ። ከዚያ ወደኛ ዞረው፣ «ማንም እንዳይናገር። ልጅቱ ትሳል» አሉ።

ጀዊሪያ ሮጣ መጣች። ለመሳል ማን ይለምናታል! ከሰሉን አፈፍ አድርጋ ግድግዳው ሥር ተንበረከከችና መስመር መሳብ ጀመረች።

በግራ እጇ ነበር።

ከሰሉ ግድግዳው ላይ ሲፋቅ ብቻ ይሰማል። ልጅቱ ቤት እየሳለች ነው፤ ጣሪያውን በአንድ ጊዜ ነው የሳበችው። ለማዕድ በቀኝ ብለን አስተምረናታል፤ ከማዕድ ስትነሳ በምኗ እንደምትጫወት፣ በምኗ እንደምትወረውር ግን አያቷም፣ እኔም፣ አባቷም አላየንም። ያየች አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ከደፉ ላይ።

ሙንተሲር አልቻለም። ዘሎ ተነሳና የልጅቱን ክንድ ያዘ። «በቀኝሽ! ጀዊሪያ፣ በቀኝሽ ያዢው!»

«ተዋት።»

ማን እንደተናገረ መጀመሪያ አልገባኝም። ድምፁ የሻከረ፣ የደረቀ፣ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ ሳጥን ነው። ሀናን ቆማለች። ከደፉ ወርዳለች። ሙንተሲር ፊት ደርሳ እጁን ከልጁ ክንድ ላይ በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«ተዋት» አለች እንደገና። «ትሳል።»

ዓሊማ ጮኸች። ለቅሶም ሳቅም አንድ ላይ ወጣባት። «ሰማሽ፣ እትዬ? ትሳል አለች! ልጄ ትሳል አለች! ያ ረቢ፣ ትሳል! ትሳል፣ ከፈለገችም ታስነጥስ!» እኔስ ምን ልበላችሁ? በሰው ፊት አላለቅስም ብዬ ነግሬያችኋለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴን ብቻ ሳይሆን ዓይኔንም የሚያዝዘው ጠፋ፤ አያ እሸቴ እንኳ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ሙንተሲር የተነሳውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። «ስንት በዓል መጥቻለሁ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ስንት በዓል መጥቼ አላየሁም።» ከዚያም ሀናን ፊት አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም ብያችሁ የለ።

ሼህ አህመድ ፍርዱን አላስረዘሙትም። «ይቺን ልጅ ማን እንደሚያያት አይተናል። እዚሁ ትቀመጥ። አባትየው በፈለገ ጊዜ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው። ሲመጣ ግን ልብሱን ሰጥቶ አይሂድ። ቁጭ ብሎ ይያት» አሉ። አያ እሸቴ «ይጽና» አሉ። ጸና።

ሀናን ዛሬ ሰኞና ሐሙስ ጤና ጣቢያው ክፍል ከቆንጅት ጎን ትቀመጣለች፤ አዲስ የመጣች ልጅ ስትኖር በሩን ከፍታ ድንጋይ የምታስደግፈው እሷ ናት። ብዙ አትናገርም። የሚበቃትን ያህል ትናገራለች፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

ያን ቀን ግን ገና አልጨረስንም። ሽማግሌዎቹ እየመረቁ፣ እኛ አሚን እያልን፣ ጀዊሪያ የኛን ግርግር ከምንም ሳትቆጥር ቤቷን እየሳለች ነበር። ጣሪያ ሳለች፣ ግድግዳ ሳለች፣ ዶሮ ጨመረች። በሩ ጋ ስትደርስ አልሆን አላት። ሳበች፣ በመዳፏ አጠፋች፣ እንደገና ሳበች።

«እማ!» ብላ ተጣራች፣ ከግድግዳው ሳትዞር።

«ወዬ፣ እናቴ!» አለች ዓሊማ እንደ ሁልጊዜው፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች።

ጀዊሪያ ዞር ብላ አየቻት። ፊቷ በሙሉ ከሰል ነው። «አንቺን አይደለም» አለችና ያንን ጥቁር ግራ እጇን ከሰሉን እንደያዘች ወደ ሀናን ዘረጋች። «እማ፣ በሩን አንቺ ሳይው።»

እህቴ የምትከፋ መስሎኝ ደንግጬ ዞርኩ። ዓሊማ ግን ብድግ ብላ ወደ አስካለ አጥር እየሮጠች ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆቦ ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም። ሌላው ልጁ ተመረቀ፣ ቤት ሠራ ብሎ ሲኩራራ፣ እሷ ደረቷን ነፍታ መሃል ትገባና «የኔዋ ደግሞ፣ ‹አንቺን አይደለም› አለችኝ እኮ!» ትላለች።